የቨርና ባለ አራት ሙያ ማሽን

ማሽኑ የመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። የጭነት መኪናው ሾፌር ወርክሾፑ ደጃፍ ላይ አውርዶት፣ ቨርና ሄግስታድን አስፈርሞ፣ የጠጠሩን መንገድ አቧራ እያስነሳ ሄደ። ቨርና ካርቶኑን ዞር ዞር እያለች አየችው። በጎኑ ላይ በትልልቁ «አራት በአንድ» ይላል። እሷ ደግሞ ከአራቱ አንዱንም በቅጡ አታውቅም።

የብየዳ ማሽኑን ያዘዘው ባሏ ኦርቪል ነው። የካቲት ላይ፣ ካታሎጉን ሦስት ሳምንት ሙሉ አልጋ ውስጥ ሳይቀር ሲያገላብጥ ከርሞ፣ በመጨረሻ ደፍሮ አዘዘ። በሳምንቱ ይደርሳል ብሎም ስለተማመነ ሠላሳ ስምንት ዓመት የበየደበትን አሮጌ ማሽን ጨረታ ላይ አውጥቶ ሸጠው። አዲሱ ግን ዘገየ። ቀድሞ የደረሰው ስትሮክ ነው። መጋቢት በገባ በአራተኛው ቀን ኦርቪል ቁርስ ላይ ሹካውን ጣለ፤ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቶ ሲመለስ ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም፣ ከቃላት ሁሉ የቀረችለትም አንዲት ብቻ ነበረች፤ «ማክሰኞ»።

ራበህ ወይ ሲሉት ማክሰኞ። አመመህ ወይ ሲሉት ማክሰኞ። ሲናደድ ይጮኽባታል፣ ደስ ሲለው ዝቅ አድርጎ ይላታል። ከሰባቱ ቀን ለምን ይቺ እንደተረፈች ሐኪሞቹም አያውቁም። ራሱን የሚነቀንቀውም እንደመጣለት ነው፤ አንዴ ሾርባ ትፈልጋለህ ብትለው አይ ብሎ ነቅንቆ፣ ሳህኑን ጥርግ አድርጎ ጠጣው። ቨርና መጀመሪያ መጀመሪያ ትጠይቀው ነበር። ከዚያ ጥያቄው እየቀነሰ ሄደ፤ ከዚያ ጭራሽ ቆመ። አሁን ታለብሰዋለች፣ ታበላዋለች፣ እንደ ዕቃ ከክፍል ክፍል ታዘዋውረዋለች። ክፉ ሆና አይደለም፤ ግራ ገብቷት ነው። አርባ አንድ ዓመት አብራው የኖረችው ሰውዬ እዚያ ውስጥ ይኑር አይኑር መለየት አቅቷታል።

ልጃቸው ኬንት ግን መልሱን ካገኘ ቆይቷል። ኬንት ቢስማርክ ከተማ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው፤ በየቀኑ እራት ላይ ይደውላል። ስልኩ ድምፁ ተለቆ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ ኦርቪል ደግሞ እዚያው በግራ እጁ ይበላል።

«እንዴት ዋለ?» ይላል ኬንት።

«እንደ ትናንቱ ነው።»

«ያውቅሻል?»

«የሚያውቀኝ ይመስለኛል። ምኑን አውቄ ልንገርህ?»

«እማዬ፣ እሱ እኮ አሁን የለም። ያለው አካሉ ነው። አንቺ ደግሞ ወገብሽ እየተቆረጠ ነው። የአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ አልጋ ተለቋል፤ እስከ ቅዳሜ ይይዙልናል። ወረቀቱን ይዤ እመጣለሁ፣ አንቺ መፈረም ብቻ ነው።»

እንዲህ ሲባል ቨርና ኦርቪልን አታየውም። ሳህኗ ላይ ያለውን ድንች ነው የምታየው።

ከኬንት ሌላ ነርሷ አለች። ሁለት ጊዜ መጥታ የፊት ለፊቱን አራት ደረጃ አይታ፣ «ወይዘሮ ሄግስታድ፣ ይህ ደረጃ መደገፊያ ከሌለው ባለቤትዎ እቤታቸው ይቆዩ ብዬ መፈረም አልችልም» ብላለች። ሐሙስ ለመጨረሻ ጊዜ ትመለሳለች። ሐሙስ ደረጃው መደገፊያ ካለው ኦርቪል እቤቱ የመቆየት ዕድል አለው፤ ከሌለው የኬንት ወረቀት ቅዳሜ ይፈረማል። ነገሩ ይኸው ነው።

ለምን ሰው አልጠራችም የሚል አይጠፋም። ሰኔ ላይ በእኛ በኩል ድርቆሹ ታጭዶ መሬት ላይ ተኝቷል፣ የሰው ሁሉ ዓይን ደመና ላይ ነው። በዚህ ሰዓት ጎረቤት መጥራት ነውር ነው፤ የተጠራውም እምቢ ማለት ነውር ስለሆነበት ይመጣል፣ ድርቆሹም ይበሰብሳል። የሰሜን ዳኮታ ኖርዌጂያን ደግሞ እንኳን ርዳታ ሊጠይቅ፣ ሁለተኛ ቁራጭ ኬክም ሦስት ጊዜ ካልለመኑት አይቀበልም። ብረቱ ግን አለ። አምና ክረምት ቨርና በረዶ አዳልጧት እዚያው ደረጃ ላይ ክንዷን ስትሰብር፣ ኦርቪል ለመደገፊያ ብሎ ከነዳጅ ጉድጓድ የወጣ አሮጌ ቱቦ ገዝቶ፣ ለክቶ፣ የሚቆረጥበትን በጠመኔ አስምሮ ግድግዳ ላይ አስደግፎት ነበር።

ቨርና ስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሠርታለች፤ አሠራሩ በጽሑፍ ይሰጣት እንጂ ያልሠራችው ምግብ የለም። ወርክሾፑን የምታውቀው በሩ ላይ ቆማ «ምሳ ደርሷል» በማለት ብቻ ነው፤ አልፎ አልፎም አንድ ብረት ያዢልኝ ስትባል ፊቷን አዙራ ትይዛለች። ቢሆንም መመሪያ መመሪያ ነው ብላ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ እርሳሷን ይዛ የማሽኑን መጽሐፍ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ሰማንያ ገጽ ነው።

«ሽቦ ከጋዝ ጋር» ብላ ጻፈች። «ሽቦ ያለ ጋዝ። በኤሌክትሮድ። በመርፌ። የፕላዝማ መቁረጫ።» ቆጠረችው፤ አምስት ነው። ካርቶኑ ላይ አራት ይላል። ደግማ ቆጠረች፤ አሁንም አምስት። ማን እንደሚዋሽ ሳታውቅ ወደ ገመዶቹ አለፈች፤ እዚያ ደግሞ ባሰ። በጋዝ ከሆነ የሽቦው ገመድ መደመር ምልክት ያለበት ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ያለ ጋዝ ከሆነ መቀነሱ ውስጥ። ጋዙ የሚመጣው ከሲሊንደር ነው፣ አየሩ ግን ከኮምፕረሰር፤ ሁለቱም ቱቦዎች ጥቁር ናቸው። ገጽ አሥራ ዘጠኝ ወደ ገጽ አርባ ሁለት ይልካታል፣ ገጽ አርባ ሁለት ወደ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ይመልሳታል።

«ይሄን የጻፈው ሰው ለራሱስ ገብቶታል?» አለች፤ ለኦርቪል ሳይሆን ለአየሩ። ኦርቪል በግራ እጁ መጽሐፉን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። ይቀድብኛል ብላ ነጠቀችው።

ማክሰኞ ጠዋት ጎረቤታቸው ላይል ትቬይት በፒካፑ መጣ። ስለ ማሽኑ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ሚስቱ የተዋሰችውን ሳህን ሊመልስ እንደመጣ ተናገረ። ሳህኑ የቨርና አይደለም፤ ሁለቱም ያውቃሉ። ላይል ሠላሳ ዓመት መብራት ኃይል ማኅበሩ ውስጥ የሠራ ሰው ነው፤ ሳህኑን አስረክቦ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ወደ ወርክሾፑ ሲያልፍ ማሽኑ እንዲያው ዓይኑ ውስጥ የገባ መሰለ።

«ስፒናው ከሶኬቱ ጋር አይገጥምም» አለ።

«እኔም ከትናንት ጀምሮ እየገፋሁት ነው።»

«እንኳን አልገባልሽ። ይሄ ሶኬት ከሁለታችንም በዕድሜ ይበልጣል።» ከፒካፑ ውስጥ አዲስ ሶኬት አወጣ፤ አጋጣሚ ሆኖ ይዞት ኖሯል። መብራቱን አጥፍቶ መፍታት ጀመረ። «ብየዳውንም በሠራሁልሽ ነበር። ዓይኔን ቀዶ ሕክምና ካደረጉልኝ ግን ገና አሥራ ሁለት ቀኔ ነው፤ ሐኪሙ ብልጭታ እንዳታይ ብሎኛል።»

«ማን ለመነህ?»

«ማንም። ልብ እንድትይው ብዬ ነው።» ደጃፉ ላይ ወደተቀመጠው ኦርቪል ዞረ። «አንተስ እንዴት ነህ፣ ሽማግሌው?»

«ማክሰኞ» አለ ኦርቪል።

«ዛሬስ ልክ ነህ። ማክሰኞ ነው።»

ኦርቪል ሳቀ፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። ቨርና አየችው። ቀልዱ ገብቶት ይሁን ወይስ ላይል ስለሳቀ ይሁን አላወቀችም፤ ቅር እያላት ጠመዝማዛውን ገመድ መፍታት ቀጠለች።

ከሰዓት በኋላ መቁረጫውን ሞከረችው። የአየሩን ቱቦ ሰካች፣ የኤርዙን ገመድ መቆንጠጫ የብረት ቱቦው ላይ አስነከሰችው፣ የኦርቪልን የብየዳ ማስክ አጠለቀች፤ ቁልፉን ስትጫን ሰማያዊ እሳት ፉጨት እያሰማ ወጣ። በጠመኔው መስመር ላይ ጎተተችው። የቱቦው ጫፍ ኮንክሪቱ ላይ ወደቀና ተንቃጨለ። ቨርና ማስኩን አንስታ አየችው፤ ብቻዋን ሳቀች። እንዲያውም የማያስፈልግ ላሜራ ፈልጋ አንድ ሁለት ጊዜ ለጨዋታ ቆረጠች። ይሄማ ቀላል ነው ብላ ተኛች።

ረቡዕ ከእንቅልፏ እንደተነሳች ቀድማ ያደረገችው የወርክሾፑን በር እስከ ጣሪያው መክፈት ነው። በሩ ሰፊ የብረት በር ነው፣ በሰንሰለት ወደ ላይ ይጠቀለላል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ኦርቪል ሲበይድ ይህ በር ተዘግቶ አያውቅም፤ ጭሱ ይገድላል ይል ነበር። ጥር ላይ፣ ቡና ኩባያው ውስጥ በሚረጋበት ብርድ እንኳ እስከ ጉልበቱ ከፍ ያደርገዋል። እሱ ብቻም አይደለም፤ በእኛ በኩል በሩን ዘግቶ የሚበይድ ወንድ ካየህ ወይ ከተማ ያደገ ነው ወይ ሰክሯል። ስለዚህ ቨርና በሩን ከፈተች፣ ብርሃንም አየርም እንዲያገኝ ብላ ኦርቪልን ከነወንበሩና ከነምርኩዙ ደጃፉ ላይ፣ ሰንሰለቱ አጠገብ አስቀመጠችው፣ ሽቦውንና ጋዙን አዘጋጅታ ሁለት ቁራጭ ብረት ለልምምድ ገጠመች።

ብየዳው ቶክ ቶክ እያለ ተረጨ። ማስኩን ስታነሳ ያየችው ነገር ብየዳ አይመስልም፤ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ግራጫ ስፖንጅ ነው። በመዶሻ መታ ስታደርገው ለሁለት ተለያየ። ገመዱን አየች፤ መደመር ውስጥ ነው። ሲሊንደሩን አየች፤ ክፍት ነው። ብረቱን በግራይንደር እስኪያበራ ፋቀችው። እንደገና ስፖንጅ። በኤሌክትሮድ ሞከረች፤ ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ ተጣብቆ እምቢ አለ፣ ስትታገለው የልምምዱን ቁራጭ በሳው። ወደ ሽቦው ተመለሰች።

«ማክሰኞ» አለ ኦርቪል ከኋላዋ።

«ረቡዕ ነው» አለችው ሳትዞር።

መመሪያው ላይ ወዳለው የስልክ ቁጥር ደወለች። አንድ ትሑት ልጅ አነሳ። ጋዙ ስንት ላይ እንደሆነ ጠየቃት፤ ነገረችው። ገመዱን፣ ሽቦውን፣ የብረቱን ውፍረት ጠየቃት፤ ሁሉንም ነገረችው።

«ቤት ውስጥ ነው የሚበይዱት?»

«አዎ፣ ወርክሾፕ ውስጥ ነኝ።» እውነቷን ነው።

«እንግዲያው ሁሉም ነገር ልክ ነው፣ እመቤቴ። ጋዙን ትንሽ ይጨምሩት።»

ጨመረችው። ስፖንጁ አልተለወጠም። ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ ምንም ነገር ልክ አለመሆኑ አናቷን አዞረው። እኩለ ቀን ላይ ላይል በትራክተሩ ሲያልፍ አጥሩ ጋ ቆመና የሰጠችውን የተሰበረ ቁራጭ አገላብጦ አየ።

«ጭስ ታፍኖበት ነው» አለ አፉን ሞልቶ። «የኋላውንም በር ክፈቺው።»

የኋላውንም ከፈተችው። የሰሜን ምዕራቡ ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው እየወጣ የመመሪያውን ገጽ ያገላብጥላት ጀመር። ብየዳው ከበፊቱም ባሰ።

«ማክሰኞ!» አለ ኦርቪል። ከዚያ ምርኩዙን ተደግፎ ተነሳ። ሰንሰለቱን በግራ እጁ ያዘና መጎተት ጀመረ፤ በሩ እየተንቋቋ ወርዶ ወርዶ መሬት ነካ። ወርክሾፑ ጨለመ።

ቨርና ምን እንደሆነ አልገባትም። ቀና ብላ መብራቱን አበራች፣ ሄዳ በሩን መልሳ ከፈተች፣ እሱንም ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችው። ገና ጓንቷን ሳታጠልቅ በሩ እንደገና መውረድ ጀመረ። ደክሞት ነው አለች በልቧ፤ እቤት ግባ እያለኝ ነው። «ትንሽ ታገሠኝ» ብላው ከፈተች። ለሦስተኛ ጊዜ ዘጋው። አሁን የኋላውንም በር በምርኩዙ ገፍቶ ዘግቶት ተመለሰ፤ ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል፣ ሰንሰለቱን አንጓው እስኪነጣ ጨብጦ ቆሟል።

ያኔ ሌላ ነገር መሰላት። ማሽኑ የሱ ነው፤ ሲመኘው የከረመው፤ እሱ እንደተቀመጠ እሷ ስታበላሸው ማየት አቃተው።

«አንተ አትሠራው፣ እኔን አታሠራኝ!» ብላ ጮኸች። «ለማን ብዬ መሰለህ የምለፋው? ለራሴ ነው? ኬንት እውነቱን ነው። ባዶ ወንበር ነው የማስታምመው።»

ኦርቪል አልተነቃነቀም። ሰንሰለቱንም አልለቀቀም። ቨርና ማስኩን ፊቷ ላይ ጣለችው፤ የተዘጋውን በር የመክፈት ጉልበትም አልቀራትም፣ ከንዴቷ ጋር የምታደርገው ነገር ስላጣች ብቻ ቁልፉን ተጫነች።

ድምፁ ሌላ ነበር። ቶክ ቶክ የለም፤ መጥበሻ ላይ ቤከን ሲጠበስ የሚያሰማው ወጥ የሆነ ድምፅ ነው። ማስኩን አነሳች። ብየዳው ለስላሳ፣ ድፍን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ሆኖ ተኝቷል። በመዶሻ መታችው። ደግማ መታችው። አልተለያየም።

ምን እንደለወጠች ማሰብ ያዘች። ምንም አልለወጠችም። ገመዱ ያው፣ ጋዙ ያው፣ እጇም ያው። ኦርቪልን አየችው፤ ከዚያ የያዘውን ሰንሰለት፤ ከዚያ በሩን። ቀስ ብላ ሄዳ በሩን በራሷ እጅ እስከ ወገቧ ከፈተችና ሌላ ቁራጭ በየደች። ስፖንጅ። ዘጋችውና በየደች። ድፍን።

መመሪያው ውስጥ ገጽ ስልሳ አንድ ላይ «ከነፋስ ይጠብቁ» የሚል መስመር እንዳለ ያኔ ትዝ አላት። አንብባዋለች፤ ሜዳ ላይ ለሚበይዱ ነው ብላ አልፋዋለች። ጋዙ የቀለጠውን ብረት እንደ ክዳን የሚሸፍን ነገር ነው፤ ነፋስ ከወሰደው ብረቱ አየር ይጠጣና ይበላሻል። አሮጌዎቹ ማሽኖች የሚበይዱበት ኤሌክትሮድ ግን ሽፋኑን ለብሶ ስለሚመጣ የአካባቢው ወንዶች በር ከፍተው ዕድሜ ልካቸውን ምንም አልሆኑም። ላይል አላወቀም። በስልክ ያለው ልጅ አልጠረጠረም። ኦርቪል ግን፣ በሩን ሠላሳ ስምንት ዓመት ያልዘጋው ኦርቪል፣ ያንን ካታሎግ ሦስት ሳምንት በከንቱ አላነበበም። ከጠዋት ጀምሮ ያውቅ ነበር። ያውቅ ነበር፣ ደግሞም አስቦ፣ ወስኖ፣ ተነስቶ አደረገው።

ቨርና የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አለች። ይህን ካወቀ ሌላውንም ያውቃል። ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ እራት ላይ «የለም» ሲባል ድንቹን እያላመጠ ሰምቷል። መጦሪያውን ሰምቷል፣ አልጋውን ሰምቷል፣ ቅዳሜን ሰምቷል። አሁን ደግሞ ባዶ ወንበር ያለችውን። ኀፍረቱ ከአንገቷ ተነስቶ እስከ ጆሮዋ ተሰማት፤ ከዚህ ይልቅ ባዶ ወንበር ቢሆን ይሻላት እንደነበር ለአንድ አፍታ አሰበች፣ በሐሳቧም ደነገጠች።

«ሁሉንም ነው የሰማኸው?» አለችው።

ኦርቪል ሰንሰለቱን ለቀቀ። መጥቶ፣ አጠገቧ ቆሞ፣ ግራ እጁን ራሷ ላይ አሳረፈ።

«ይቅር በለኝ» አለች። «ግራ ገብቶኝ ነው። ልጠይቅህ ይገባ ነበር። መልሱ ባይገባኝም ልጠይቅህ ይገባ ነበር።»

ከዚያ ተነስተው ሠሩ። እሷ ትበይዳለች፣ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ያያል፤ እጇ ሲፈጥን ምርኩዙን መሬት ላይ መታ ያደርጋል፣ ስታዘገይ ዝም ይላል። አንድ መገጣጠሚያ ላይ አንገቱን ነቀነቀ፤ እሷም አዎ ይሁን አይ ሳትገምት ቁጭ ብላ ጠበቀችው፣ በጣቱ የተጣመመውን ጎን እስኪያሳያት። ፀሐይ ገና ከፍ እንዳለች ስድስቱም መገጣጠሚያዎች አለቁ። የቀረው ማታውኑ ሲቀዘቅዝ ደረጃው ላይ በብሎን ማሰር ነው።

ስልኩ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ኬንት ነው።

«እንዴት ዋለ?»

ቨርና ጓንቷን አወለቀች። «ራሱን ጠይቀው» አለች።

«ምን?»

«አጠገቤ ነው ያለው። ከመጋቢት ጀምሮ አጠገቤ ነበር። ያልነውን ሁሉ ሰምቷል፣ ያንተንም የእኔንም።»

ከወዲያ የቢሮ በር ሲዘጋ ተሰማ። «እማዬ፣ ምን ብዬ ነው የማናግረው? መልስ አይሰጠኝም እኮ።»

«እኔም እንደሱ ስል ነው የከረምኩት። ቅዳሜ መምጣት ትችላለህ፤ ወረቀቱን ግን መጀመሪያ የምታሳየው ለሱ ነው። እኔ ሳልጠይቀው አልፈርምም። አሁን ልሰጠው ነው።»

ስልኩን ዘረጋችለት። ኦርቪል በግራ እጁ ተቀብሎ ጆሮው ላይ አደረገው። ቨርና ባልዲው ላይ ተመልሳ ተቀምጣ ከስልኩ የሚወጣውን የልጇን ትንፋሽ ሰማች፤ የኢንሹራንስ ሠራተኛው ድምፅ ጠፍቶ፣ በቦታው ሌላ፣ የቀጠነ ድምፅ መጣ።

«አባዬ?» አለ ኬንት፣ ከስትሮኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።